ማዘዝ የማይችል ኮሚሽን እንዴት ያሠራል? የዋሽንግተን ዲሲ ጉዳይ

አማካሪ ኮሚሽን ማንንም አያዝም። በጀት አይመድብም፣ ሠራተኛ አይቀጥርም አያባርርም፣ ቅጣት አይጥልም። የዋሽንግተን ዲሲ የአፍሪካ ጉዳዮች ኮሚሽንም ከዚህ የተለየ አይደለም። በ2006 በወጣ ሕግ ከአፍሪካ ጉዳዮች ቢሮ ጋር አብሮ ሲቋቋም የተሰጠው ሥራ የከንቲባውን ጽሕፈት ቤት፣ የከተማውን ምክር ቤትና ቢሮውን ማማከር ነው። ይህን የሰማ ሰው «ታዲያ ምን ይረባል?» ቢል አይፈረድበትም። ግን ይረባል። የሚረባው ምክሩ ሦስት ነገር ሲያሟላ ነው፦ አስቀድሞ በሕግ የተጻፈ ግዴታ ላይ ሲንጠለጠል፣ በቁጥር ሲደገፍና በጀቱ ሳይዘጋ ሲደርስ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ደብዳቤው «ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል።

ፍትሐዊነትና አካታችነት የሚሉት ቃላት ሰፊ ናቸው። ስለዚህ ለአማርኛ ተናጋሪው ከሁሉ ይበልጥ በሚጨበጠው በቋንቋ ተደራሽነት ላይ እንቆይ።

ዲሲ በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አውጥታለች። ሕጉ በመሥሪያ ቤቶች ላይ ሁለት የተለያዩ ግዴታዎች ይጥላል፤ ሁለቱን ማምታታት ብዙ አቤቱታ አበላሽቷል። የመጀመሪያው የቃል ነው፦ እንግሊዝኛ በደንብ የማይናገር ሰው ሲመጣ ወይም ሲደውል፣ ቋንቋው የትኛውም ይሁን የት፣ መሥሪያ ቤቱ በነፃ አስተርጓሚ ያቀርባል። እዚህ ላይ የተናጋሪ ብዛት አይጠየቅም። ሁለተኛው የጽሑፍ ነው፦ ወሳኝ ሰነዶች፣ ማለትም የማመልከቻ ፎርም፣ የመብት ማሳወቂያ፣ የክልከላና የማቋረጫ ደብዳቤ የመሳሰሉት፣ የሚተረጎሙት የቋንቋው ተናጋሪዎች የተወሰነ ቁጥር ላይ ሲደርሱ ነው። ቁጥሩ መሥሪያ ቤቱ ከሚያገለግለው ወይም ሊያገለግለው ከሚችለው ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው ነው፤ ከሁለቱ የሚያንሰው ይወሰዳል።

«የሚያንሰው» የምትለው ቃል የሕጉ ጥርስ ናት። 100,000 ሰው የሚያገለግል መሥሪያ ቤት 3 በመቶው 3,000 ስለሚሆን በ500 ሰው ይያዛል። 10,000 ሰው የሚያገለግል ደግሞ በ300 ይያዛል። 2,000 ሰው ብቻ የሚያስተናግድ አነስተኛ ፕሮግራም ከሆነ 60 ሰው ይበቃል። ብዙ ኃላፊዎች 500 የምትለውን ብቻ ያስታውሱና «እኛ ጋ ይህን ያህል አማርኛ ተናጋሪ የለም» ይላሉ። ኮሚሽነሩ ካልኩሌተር ይዞ ስብሰባ መግባት ያለበት ለዚህ ነው።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል? ትልቁ ችግር እዚህ ጋ ነው። የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የደንበኛውን ቋንቋ የሚይዘው መስኮት ላይ ያለው ሠራተኛ ከጠየቀና ከሞላ ብቻ ነው። ሲቸኩል ባዶ ይተወዋል፤ ሲስተሙ ራሱ «እንግሊዝኛ» ብሎ የሚሞላበት ቦታም አለ። እናት ከልጇ ጋር መጥታ ልጅቷ ካስተረጎመች ደግሞ ጉዳዩ በእንግሊዝኛ እንዳለቀ ይቆጠራል። ከዓመት በኋላ ሪፖርቱ «የአማርኛ ተጠቃሚ፦ 12» ይላል፤ በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶም ትርጉም አያስፈልግም ይባላል። አገልግሎቱ በቋንቋቸው ስለሌለ ሰዎች አይመጡም፤ ስላልመጡ አገልግሎቱ አይዘጋጅም።

ይህን ክብ የሚሰብረው ሕጉ ራሱ ነው። የሚቆጠረው የመጣው ብቻ አይደለም፤ ሊመጣ የሚችለውም ይቆጠራል። ስለዚህ ኮሚሽኑ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮን መረጃ ይዞ መከራከር ይችላል። እዚህም ወጥመድ አለ። ከ2016 ወዲህ ባለው የቆጠራ ቢሮ ዝርዝር የቋንቋ ሠንጠረዥ አማርኛ ለብቻው አይታይም፤ «አማርኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ሌሎች የአፍሮ-እስያ ቋንቋዎች» በሚል አንድ መስመር ላይ ተጠቃሏል። ያንን ቁጥር እንዳለ ወስዶ «ይህን ያህል አማርኛ ተናጋሪ አለ» የሚል ኮሚሽነር በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል። አማርኛን ነጥሎ ማየት የሚቻለው የቆጠራ ቢሮው ለተመራማሪዎች በሚለቀው የናሙና መዝገብ ነው። እሱን የሚያነብ ሰው በኮሚሽኑ ውስጥ ከሌለ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ መፈለግ ያዋጣል። ከዚያ በላይ የሚያሳምነው ግን ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፦ በአካባቢው ይኖራል ተብሎ የሚገመተው፣ እና መሥሪያ ቤቱ አገለገልኩ ያለው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ነው ጥያቄ የሚያስነሳው።

አሁን ወደ ምክረ ሐሳቡ አጻጻፍ እንሂድ። «መሥሪያ ቤቱ አገልግሎቱን ለአፍሪካውያን ማኅበረሰብ የበለጠ ተደራሽ እንዲያደርግ እንመክራለን» የሚል ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ ይጻፋል። ማንም አይቃወመውም፤ ስለዚህም ማንም አይፈጽመውም። ከአንድ ገጽ የማይበልጥና የሚከተለውን የያዘ ምክር ግን አምልጦ መሄጃ አይሰጥም፦ የትኛው መሥሪያ ቤት፣ የትኛው ፕሮግራም፣ የትኛው ሰነድ፣ በየትኛው ሕግ መሠረት፣ በስንት ተናጋሪ፣ ስንት ገጽ፣ እስከ መቼ፣ መልሱንስ ማን ፈርሞ ይሰጣል።

ከሰነዶች የትኛው ይቅደም? እኛ የምንለው ቀን የሚቆጥር ደብዳቤ ይቅደም ነው። ብሮሹርና ፖስተር ያምራል፤ በፎቶም ይወጣል። ሰውን የሚጎዳው ግን ያልተተረጎመ የማቋረጫ ደብዳቤ ነው። ፉድ ስታምፕ (የምግብ መግዣ እርዳታ) የተከለከለ ወይም የተቋረጠበት ሰው ይግባኝ ለመጠየቅ 90 ቀን አለው፤ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ እርዳታው ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ከፈለገ ደግሞ በደብዳቤው ላይ ከተጻፈው፣ በጣም ካጠረው ቀን በፊት መጠየቅ አለበት። ደብዳቤውን ሰው እስኪያነብለት በመሳቢያ ያስቀመጠ አዛውንት ያ ቀን ያልፍበታል። ስለዚህ ምክሩ «የክልከላ፣ የማቋረጫና የይግባኝ ደብዳቤዎቹ ይተርጎሙ» ብሎ ሦስት ሰነድ ብቻ ቢጠይቅ፣ ሠላሳ ሰነድ ከሚጠይቀው ቶሎ ይፈጸማል፤ ብዙ ሰውም ያድናል።

ተተረጎመ ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም። በአማርኛ ሰነዶች ላይ ተደጋግመው የሚታዩ ጉድለቶች አሉ፤ ኮሚሽኑ እነሱን አውቆ መመርመር ካልቻለ ሌላ ማንም አይመረምራቸውም። ኃላፊው ፊደሉን አያነብም፤ የትርጉም ድርጅቱ ደግሞ ወረቀቱን ካስረከበ በኋላ አይመለስበትም።

አንደኛው ሰዓት ነው። እንግሊዝኛው ቀጠሮ 9:00 ኤኤም ሲል ትርጉሙ «9 ሰዓት» ብሎ ካለፈ፣ በአገር ቤት ቆጠራ ያደገ ሰው ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ማለትም በአሜሪካ 3:00 ፒኤም ላይ ይመጣል፤ ቀጠሮው ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ ደግሞ እዚህ ሃያ ዓመት የኖረው ይደናገራል። መፍትሔው ሁለቱንም መጻፍ ነው፦ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር 9:00 ኤኤም»። ቀንም እንደዚሁ ነው። ኦክቶበርን «ጥቅምት» ብሎ የተረጎመ ሰው ኦክቶበር 11ን ጥቅምት 11 ያደርገዋል፤ ጥቅምት 11 ግን የሚውለው ኦክቶበር 21 ገደማ ነው። በይግባኝ ደብዳቤ ላይ ይህ አሥር ቀን መብት ያሳጣል። 10/11 ተብሎ በቁጥር ብቻ ከተጻፈም አሜሪካው ወሩን፣ የእኛ ሰው ቀኑን አስቀድሞ ያነበዋል። የወሩ ስም «ኦክቶበር» ተብሎ በፊደል ይጻፍ፤ ሌላ ዘዴ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ስም ነው። ፎርሙ የመጀመሪያ፣ የመካከለኛና የመጨረሻ ስም ይላል፤ የእኛ አሰያየም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት በአባት ስም፣ ሌላው በአያት ስም ከመዘገበ ፋይሎቹ አይገናኙም፤ ማመልከቻውም «ማንነቱ አልተረጋገጠም» ተብሎ ይቆማል። በአማርኛው ፎርም ላይ «በፓስፖርትዎ ወይም በመታወቂያዎ ላይ እንደተጻፈው» የምትል አንዲት መስመር መጨመር ብዙ ጣጣ ታስቀራለች።

ሦስተኛው የኅትመት ነው። ተርጓሚው በትክክል ጽፎ ያስረከበው ጽሑፍ በንድፍ ባለሙያው ኮምፒውተር ላይ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ወደ ባዶ ሣጥኖች ይቀየራል፤ ወይም መስመሮቹ ቦታ ይለዋወጡና የአንዱ አንቀጽ ጅራት በሌላው ራስ ላይ ይቀጠላል። ባለሙያው አማርኛ ስለማያነብ ስህተቱ አይታየውም። ለዚህ ነው ኮሚሽኑ የተርጓሚውን ረቂቅ ሳይሆን የመጨረሻውን የፒዲኤፍ ፋይልና የታተመውን ወረቀት እንዲያሳዩት መጠየቅ ያለበት። ፋይሉን ርካሽ በሆነ ስልክ ላይ ከፍቶ ማየትም ይጠቅማል፤ ብዙው ሰው የሚያነበው በእሱ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ፈተና ቀላል ነው። እንግሊዝኛ የማይችሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ደብዳቤውን እንዲያነቡት ይሰጣቸውና «ምን እንድታደርጉ ነው የሚጠይቃችሁ? እስከ መቼ? ካላደረጋችሁ ምን ይሆናል?» ተብለው ይጠየቁ። መመለስ ካልቻሉ ትርጉሙ፣ የቱንም ያህል ሰዋስዉ የተስተካከለ ቢሆን፣ አልሠራም። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ የተጻፈ አማርኛ ከእንግሊዝኛው አይሻልም፤ ለእነሱ ደብዳቤው ላይ «ይህን ደብዳቤ በነፃ የሚያነብልዎ አስተርጓሚ በዚህ ቁጥር አለ» የሚል መስመርና ሲደወልም በትክክል የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል።

ስልክ ላይ የሚደርሰው ችግር የተለየ ነው። «ለአማርኛ ይህን ቁጥር ይጫኑ» የሚለው መልእክት በእንግሊዝኛ የሚነገርበት መስመር ብዙ ነው። እንግሊዝኛ የሚያውቅ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ደግሞ አይሰማውም። ሌላው ብልሽት ሠራተኛው የስልክ አስተርጓሚውን የሚስጥር ቁጥር ስለማያውቅ «እንግሊዝኛ ከሚችል ሰው ጋር ደውይ» ብሎ መዝጋቱ ነው። ይህን በወሬ መክሰስ አይቻልም፤ በምዝገባ ግን ይቻላል። ለአንድ መሥሪያ ቤት በተለያየ ቀንና ሰዓት አሥር ጊዜ ተደውሎ፣ ደዋዩ «አማርኛ» ብቻ ብሎ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አስተርጓሚ እስኪመጣ የጠፋው ደቂቃና የጥሪው መጨረሻ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ይሞላል። ሕጉን የማስፈጸም ኃላፊነት ያለበት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮም መሥሪያ ቤቶቹን በዚህ መንገድ ይፈትሻል፤ የኮሚሽኑ ሠንጠረዥ ከእሱ ሪፖርት ጋር ሲመሳሰል ክርክሩ ያልቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብን። አካታችነት ለአማርኛ ተናጋሪው ብቻ ከሆነ ስሙ ሌላ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ ሁሉ አማርኛ ይችላል ብሎ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሶማሊኛ ተናጋሪን ለአማርኛ አስተርጓሚ ማገናኘት በየቦታው ይደረጋል። ይህ የሕጉ ጥሰት ነው፤ የቃል ትርጉም በሰውየው ቋንቋ እንጂ በአገሩ ስም አይሰጥምና። ኮሚሽኑ ውስጥ ያለ አማርኛ ተናጋሪ ይህን ቀድሞ የማንሳት ግዴታ ያለበት ይመስለናል። የአፍሪካ ማኅበረሰብ ሲባልም ከምዕራብ አፍሪካ የመጣው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ፣ የዮሩባው፣ የአካኑ ሰው አብሮ አለ።

የጊዜ ሰሌዳው አብዛኛው ምክር የሚሞትበት ቦታ ነው። የዲሲ የበጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምራል። መሥሪያ ቤቶቹ የሚቀጥለውን ዓመት ጥያቄያቸውን የሚያዘጋጁት በመኸር ወራት ነው፤ ከንቲባው በጸደይ (በስፕሪንግ) ለምክር ቤቱ ይልካል፤ ምክር ቤቱ እስከ አሜሪካው በጋ (ሰመር) መግቢያ ድምፅ ይሰጥበታል። ስለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ ምክር ለመሥሪያ ቤቱ መድረስ ያለበት ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ባለው ጊዜ ነው። በኤፕሪል የተላከ ምክር ጥሩ ቢሆን እንኳ መልሱ «በጀት የለንም» ነው፤ ይህም እውነት ነው። ገንዘብ የማይጠይቀው፣ ለምሳሌ የስልክ መልእክቱን መቀየር ወይም የቋንቋ ጥያቄን በፎርሙ ላይ ግዴታ ማድረግ፣ በማንኛውም ጊዜ መላክ ይችላል፤ ከገንዘቡ ጋር ቀላቅሎ በአንድ ደብዳቤ መላክ ግን ሁለቱንም ያስቀራል።

ከጃንዋሪ ጀምሮ ባሉት ወራት ምክር ቤቱ የየመሥሪያ ቤቱን አፈጻጸም የሚመረምርበት ሂሪንግ፣ ማለትም ነዋሪውም ቀርቦ የሚመሰክርበት ስብሰባ ያካሂዳል። ከዚያ በፊት የምክር ቤቱ ኮሚቴዎች ለመሥሪያ ቤቶቹ በጽሑፍ ጥያቄ ይልካሉ፤ መልሱም ለሕዝብ ይወጣል። ይህች መንገድ ብዙም አትታወቅም፤ ከምስክርነቱ ይልቅ ግን እሷ ታሠራለች። ኮሚሽኑ ወይም ማንኛውም ነዋሪ በዲሴምበር ለኮሚቴው ሠራተኛ «ይህን ጥያቄ ጨምሩልን» ብሎ ሦስት ጥያቄ ቢልክና አንዷ እንኳ ብትገባ፣ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ መመለስ አለበት። ጥያቄዋ በአዎ ወይም በአይደለም የማታልቅ ትሁን፦ «ባለፈው የበጀት ዓመት ስንት የክልከላ ደብዳቤ ተላከ? ከእነዚህ ስንቱ በአማርኛ? የስልክ አስተርጓሚ ስንት ጊዜ ተጠራ፣ በየትኞቹ ቋንቋዎች?» ሂሪንጉ ላይ ለግለሰብ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው። በአማርኛ ለመናገር የሚፈልግ አስተርጓሚ አስቀድሞ ያስመዝግብ፤ የትርጉሙ ጊዜ ከደቂቃው እንዳይቀነስበትም በዚያው ይጠይቅ። መናገር የማይመቸው መዝገቡ እስኪዘጋ በጽሑፍ ሊያስገባ ይችላል፤ እኩል ይመዘገባል።

ስለ ኮሚሽኑ ስብሰባ ሥርዓት በአጭሩ፦ በዲሲ የክፍት ስብሰባ ሕግ መሠረት ስብሰባው ቢያንስ ከሁለት የሥራ ቀናት በፊት ይነገራል፤ ቃለ ጉባኤው በሦስት የሥራ ቀናት፣ ሙሉው የስብሰባ መዝገብ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል። ምልዓተ ጉባኤ ካልሞላ ድምፅ አይሰጥም። በጎ ፈቃደኞች ናቸውና ሁለት ሦስት ወንበር ክፍት ሆኖ ከከረመ፣ አንድ ሰው ሲታመም የወሩ ውሳኔ ይቀራል፤ በኖቬምበር ይህ ከሆነ ዓመቱ ሄደ ማለት ነው። አባል መሆን የሚፈልግ ለከንቲባው የሹመት ጽሕፈት ቤት ያመለክታል፤ የዲሲ ነዋሪ መሆን ይጠበቅበታል። በሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ወገናችን ሱቁና ቤተ ክርስቲያኑ ዲሲ ቢሆንም ወንበሩ ላይ መቀመጥ አይችልም፤ መጥቶ መስማትና አስተያየት መስጠት ግን ማንም አይከለክለውም።

የጥቅም ግጭትም አለ። የአፍሪካ ጉዳዮች ቢሮው ለማኅበረሰብ ድርጅቶች ድጎማ ይሰጣል፤ ኮሚሽነሮቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ እነዚያኑ ድርጅቶች የሚመሩ ናቸው፤ በሥራቸው የታወቁትና የተመረጡት ለዚህ ነውና። ድርጅቱ ያመለከተ ኮሚሽነር ከውይይቱም ከድምፁም ራሱን ያግልል፤ መውጣቱም በቃለ ጉባኤው ይጻፍ። ይህን ችላ ያለ ኮሚሽን በሌላ ጉዳይ የሚጽፈውም ደብዳቤ ክብደት ያጣል።

በዓመት ውስጥ ያለውን ጊዜ የሚበላው ዝግጅት ነው። የሽልማት ምሽት፣ የባህል ቀን፣ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት። ሕዝብን ማሰባሰብ ዋጋ የለውም አንልም። ነገር ግን በወር አንድ ጊዜ የሚሰበሰብ ኮሚሽን አራት ስብሰባ ለዝግጅት ካዋለ፣ የመሥሪያ ቤቶችን የሁለት ዓመት የቋንቋ ዕቅድ ለማንበብ የሚተርፈው አይኖርም። ዕቅዱ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ ረቂቁ ላይ አስተያየት ያልሰጠ ደግሞ ሁለት ዓመት ይጠብቃል።

ኮሚሽኑ የግል አቤቱታ አይዳኝም። አስተርጓሚ የተከለከለ ሰው አቤቱታውን የሚያቀርበው ለሰብዓዊ መብቶች ቢሮ ነው፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ያነጋገረውን ሠራተኛ ስምና የተባለውን ቃል በዕለቱ ጽፎ ቢይዝ፣ ደብዳቤውንም ከነፖስታው ቢያስቀምጥ ይጠቅመዋል። ጥፋት ከተገኘ ውጤቱ መሥሪያ ቤቱ አሠራሩን እንዲያስተካክል ማድረግ እንጂ ካሣ አይደለም፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከብስጭት ያድናል። የአቤቱታውን ግልባጭ ስሙን አጥፍቶ ለኮሚሽኑ መላክ ግን ሌላ ጥቅም አለው። ከአንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ተመሳሳይ ጉዳይ ሲደርሰው ምክረ ሐሳብ ይሆናል።

ምክሩ ከተላከ በኋላም በየስብሰባው አጀንዳ ላይ ይቆይ፤ «የተላከበት ቀን፣ መልስ የሚጠበቅበት ቀን፣ የመጣው መልስ» ተብሎ። መልሱ «ተቀብለነዋል» የሚል ከሆነ የሰነዱ ስምና የሚወጣበት ቀን እንዲጠቀስ ተጨማሪ ደብዳቤ ይጻፍ። መልስ ካልመጣም ያለመምጣቱ በክፍት ስብሰባ ይነበብና በቃለ ጉባኤ ይግባ፤ በዲሴምበር ለምክር ቤቱ ኮሚቴ ከሚላኩት ጥያቄዎች ጋር የሚያያዘው ያ ገጽ ነው።